አየር ኃይል ሊንድቫል የመጣ ዕለት

ከሚዙሪ ወንዝ ወዲህ እኔ ቬርሊን ስታኪ ብሎኑን ያላሰርኩለት አውሮፕላን ካለ፣ ወይ ወድቋል ወይ ገና አልተነሣም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። መኩራራትማ ቢያምረኝ፣ አውሎ ንፋስ ሊንድቫልን ሊጠራርግ በመጣ ጊዜ አንድ ክንፍ በትከሻዬ ደግፌ እስኪያልፍ ድረስ የቆምኩትን አወራችሁ ነበር። አሁን የማወራው ሌላ ነገር ነው፤ የሽራንዝ አውሮፕላን ፋብሪካ ለአየር ኃይሉ ትልቅ ውል ይበቃል ወይስ አይበቃም ተብሎ የተፈተነበትን ቀን ነው።

ሽራንዝን የማያውቅ ካንሳስን አያውቅም። ሃንጋራችን፣ አውሮፕላን የምንሠራበት አዳራሽ ማለት ነው፣ ከመስፋቱ የተነሣ በብርድ ወራት ውስጡ ደመና ይቋጥራል፤ አንዴማ በምሥራቁ በር ካፊያ እየጣለ በምዕራቡ በር ፀሐይ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁንና ሃንጋር አይበላም። አውሮፕላን የሚገዙን ሀብታሞች ፊታቸውን ካዞሩብን ቆይተዋል። መጀመሪያ ቀለም ቀቢዎቹ ተሰናበቱ፤ ቀጥሎ የማታው ፈረቃ ቀረ፤ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያችን ሣር አበቀለ። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ኤልቫ ሽራንዝ የአባቷን የስንዴ መሬት ለባንክ አስይዛ ነበር ደመወዛችንን የምትከፍለን።

በዚህ መሃል አየር ኃይሉ ለተማሪ አብራሪዎች አዲስ ማሠልጠኛ ጀት ሊገዛ ጨረታ አወጣ። ተወዳዳሪው ሲጣራ፣ ሲጣራ ሁለት ቀረን። አንዱ እኛ ነን። ሌላው ስሙን የማልጠራው ግዙፍ ድርጅት ነው፤ የዘበኞቹ ቁጥር ብቻ ከሊንድቫል ሕዝብ ይበልጣል። ነገሩ እንግዲህ እንደ ካንሳስ ሜዳ የተገለጠ ነበር፦ ውሉን ካገኘን ፋብሪካው ይኖራል፣ የኤልቫም መሬት ከባንክ ይወጣል። ካላገኘን ስንዴው ታጭዶ ሲያበቃ በሩ ይዘጋል፣ መሬቱም ይሄዳል።

አውሮፕላናችንን «ወፊቱ» እንላት ነበር። ከትልቁ ድርጅት አውሮፕላን ትሻል ነበር፤ እኔ ስላልኩ ሳይሆን አየር ኃይሉ ራሱ አልካደም። የተጠራጠሩት እሷን ሳይሆን እኛን ነው። «ወፊቱስ ጥሩ ናት፤ ሠሪዎቿ እስኪያስረክቡን ድረስ በሕይወት ይቆያሉ ወይ?» ነበር ጥያቄያቸው። ስለዚህ በግንቦት፣ ስንዴው ቢጫ ሊሆን ዳር ዳር ሲል፣ ሁለት ሰዎች ላኩብን። ፋብሪካውን ዞረው እንዲያዩ፣ ወፊቱ ስትበር እንዲመለከቱ፣ ከዚያም ይሰጣቸው ወይም አይሰጣቸው ብለው እንዲጽፉ።

ቀኑን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ጄኔራሎች እኔ ያን ቀን ባሰናዳሁበት ጥንቃቄ ጦርነት ቢያሰናዱ ኖሮ፣ ጦርነት ሁሉ ከምሳ በፊት ባለቀ። ወለሉን አሳጠብኩ፤ እርግብ እንኳ እያንሸራተታት ትወድቅበት ነበር። አሮጌዎቹን የመሣሪያ ሳጥኖች አስወጥቼ አዳዲስ አስመጣሁ። የአውሮፕላን ሠራተኛ ሳጥን የጋራዥ ሳጥን አይደለም። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁ በየመሣሪያው ቅርጽ ተቦርቡሯል፤ መፍቻው በመፍቻ ጉድጓድ፣ ጉጠቱ በጉጠት ጉድጓድ ይተኛል። ከሥራ በፊት ሁሉም በጉድጓዱ መኖሩ ይቆጠራል፤ ከሥራ በኋላም እንደገና። አንድ ጉድጓድ ባዶ ከተገኘ ሥራ ይቆማል፣ አውሮፕላኑም መሣሪያው እስኪገኝ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ጠፋብኝ» ብሎ የተናገረ ሰው አይቀጣም፤ የሚቀጣው ዝም ያለው ነው። በአየር ላይ ሳለ ከመሪው ዘንግ ሥር አንድ መፍቻ የተወሸቀበት አብራሪ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አዲሶቹ ሳጥኖች ደግሞ ሲያምሩ! ውጭያቸው ቀይ፣ ውስጣቸው ጥቁር፣ ጥቁር ብቻ፣ እንደ ቀብር አስፈጻሚ ኮት። ቀድሞ የነበረን ስፖንጅ ከላይ ጥቁር ከሥር ቢጫ ነበር፤ አዲሱ ግን አንድ ወጥ ነው። ወጥ መሆኑ ረክሶ እንደተገዛ ማሳያ መሆኑን ባውቅም፣ «ይኸኛው ያምራል» አልኩ። አማረም።

እንግዶቹ በጠዋት መጡ። ኮሎኔል ኦዴት ሬይኖሶ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ራሷም የማሠልጠኛ አብራሪ የነበረች ሴት ናት። አብሯት የመጣው ሚስተር ፔልኪ ሲቪል ነው፤ ሥራው የድርጅቶችን ሒሳብ መርምሮ ማን እንደሚቆም ማን እንደሚወድቅ መናገር ነው። ከሲታ ነው፤ ጥላው እንኳ ከሱ ይወፍራል።

«ዋናው የመካኒኮች አለቃ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ኮሎኔሏ።

«እኔ ነኝ። በዚህ ፋብሪካ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ አንድ መፍቻ ጠፍቶ አያውቅም።»

«አንድም?»

«አንድም! እንዲያውም አንዴ ቆጥረን አንድ ትርፍ ወጣልን።»

ኮሎኔሏ ፈገግ አለች። ፔልኪ «ትርፍማ ከየት ይመጣል፣ በሒሳባችሁ ላይ እኮ አላየሁም» አለ። እንግዲህ እሱም ቀልድ መሆኑ ነው።

ወፊቱ ተጎትታ ወጣች። ትሬንት ኮፕ የሚባል፣ እጁ ፈጣን አፉ ከእጁ የፈጠነ መካኒክ አለኝ፤ ከሱ ጋር በእንግዶቹ ፊት ሳጥኑን ከፍተን ቆጠርን። እሱ ስም ይጠራል፣ እኔ «አለ!» እላለሁ። ድምፄን የሰማ ሁሉ በቅዳሴ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሁሉም አለ ተባለ፣ ተዘጋ። ከዚያ ትሬንት ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ የመጨረሻ ፍተሻውን አደረገ፣ አብራሪያችንም የበረራ ልብሱን ሊለብስ ሄደ። እንግዶቹን ከሃንጋሩ ጥግ ወስደን ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥና የቀረፋ ዳቦ አቀረብንላቸው። የመንግሥት ሰው ከተወዳዳሪ ቤት ቡና እንኳ በነጻ አይቀምስም፤ ሕጉ ይከለክለዋል። ሁለቱም የየራሳቸውን ሒሳብ ጣሳ ውስጥ ከተው በሉ። ፔልኪ የቀረፋ ዳቦውን ቺሊ ውስጥ ሲነክር ሳይ ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ወደድኩት።

ትሬንት መጥቶ በክርኑ ጎነጠኝ።

«ጋሼ ቬርሊን፣ ትንሽ ወዲህ በል።»

«ምን ሆንክ? እንግዳ ፊት አትጎንትለኝ።»

«መስታወቷ የለችም።»

መስታወቷ የጥርስ ሐኪም መስታወት የመሰለች ናት፤ ቀጭን ጥቁር እጀታ አላት፣ ዓይን የማይደርስበትን ስርቻ ታሳያለች።

«እንደገና እይ።»

«አየሁ። ጉድጓዶቹን በጣቴ ሁሉ ዳበስኳቸው። የሷ ባዶ ነው።»

«ተጠቅመህባት ነበር?»

«እኔ'ንጃ! የተጠቀምኩ አይመስለኝም። ግን ጠዋት 'አለ' ብለሃል፤ አሁን የለችም። ታዲያ የት ትሄዳለች? እዚያው ውስጥ ነዋ!» ወደ ወፊቱ ክፍል በአገጩ አሳየኝ።

ወደ እንግዶቹ አየሁ፤ ኮሎኔሏ ሰዓቷን እያየች ነው። ወደ መንደርደሪያው አየሁ፤ ሰማዩ እንዲህ የጠራበት ቀን ካንሳስ ውስጥ በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። አንድ በረራ ብቻ ነበር የቀረን። በሆዴ «ከበረረች በኋላ ብንፈልጋትስ» አልኩ፤ በአፌ ግን አላልኩም። ትሬንት ሊያይብኝ ስለሚችል ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። ከዚያ ሄጄ ለኤልቫ በጆሮዋ ነገርኳት።

ኤልቫ ሽራንዝ ረጅም ሴት ናት፤ ስትናደድ አትጮህም፣ አንገቷ ብቻ ይቀላል። አንገቷ ቀላ። ከዚያ ተነሣችና ሃንጋሩ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፦

«መሣሪያ ጠፍቷል! በረራው ቆሟል!» አለች።

እንግዲህ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ሁለት ገምጋሚዎች ፊት! አብራሪያችን የበረራ ልብሱን ግማሽ ለብሶ ከበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እኛም ገባንበት። አብራሪውን በአደጋ ጊዜ አስፈንጥረው የሚያወጡት መቀመጫዎች አሉ፤ እነሱን ማውጣት የተኛ ነብር ከጎሬው እንደማውጣት ነው፤ አወጣናቸው። ወለሉን ፈታን፣ የጎን ክዳኖቹን ፈታን፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመብራት ተከተልን። ወፊቱ ያን ከሰዓት የተበለተች ዶሮ መሰለች።

እንግዶቹ ሥራ ፈት ሆነው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔም በየመሃሉ ውኃ የምጠጣ መስዬ አጠገባቸው እቆም ነበር። የሰው ወሬ አላዳምጥም፤ ጆሮዬ ግን በተፈጥሮው ሩቅ ይሰማል፤ የሩቋን የዊቺታ ከተማ ባቡር ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ።

«መቼም ይኼን በማየቴ ደስ ብሎኛል» አለች ኮሎኔሏ። «ሌላው ቢሆን ይደብቀው ነበር። አንድ ጓደኛዬ ነበረች፤ አየር ላይ ሳለች ዘንጉ ወደ ግራ አልሄድ አላት። ከሥሩ የተገኘው ካቻቢቴ ነው።»

«ኮሎኔል፣ እኔም ሰዎቹ መጥፎ ናቸው አላልኩም» አለ ፔልኪ። «ጥሩ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ሰው ግን ይከስራል። የታመመን በሬ ቀንበር አይጭኑበትም።»

«ቀንበር ካልያዘ ማን ይቀልበዋል?»

«እኛ ሐኪም ቤት አይደለንማ! የሕዝብ ገንዘብ ሰጥተናቸው፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ በሩ ቢዘጋ፣ ግማሽ የተሠሩ አውሮፕላኖች ይዘን ማን በር ላይ ነው የምናለቅሰው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኛ ግን አልቸገረንም፣ ትልቁ ድርጅት አለልን።»

«ትልቁ! ሁልጊዜ ለትልቁ ሰጥተን፣ ሰጥተን፣ አሁን ስንት ቀረ? ሊንድቫል ከተዘጋ አንድ ይቀራል። ያን ጊዜ ዋጋ ሲጠራብን 'እሺ ጌታዬ' ከማለት ሌላ ምን አፍ አለን?»

«አንድም ቢሆን የሚቆም ይሻላል።»

«ይቆማል? እሱም እኮ አሞታል። የአምናውን ሒሳብ አንተው ነህ ያሳየኸኝ።»

ይኼኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ትልቅ ሲያመው ጉንፋን ነው ይባላል» አልኩ፣ «ትንሽ ሲያመው ግን የሬሳ ሣጥን ይታዘዝለታል።»

ኮሎኔሏ ሳቀች። ፔልኪ ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎ መስታወቷን አገኙ?» አለኝ። ውኃዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

አላገኘናትም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እትዬ ዶርካስ ደረሰች። ዶርካስ ኡንሩ የዕቃ ግዢያችን ኃላፊ ናት፤ ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፣ በምላስም። ያን ቀን ዊቺታ ሄዳ ሽቦ የሚሸጥልንን ሰውዬ «እባክህ በዱቤ ስጠን» ስትል ነው የዋለችው። ወፊቱን ተበታትና ስታያት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ጌታ ሆይ! ምን ደረሰባት?»

«መስታወት ጠፍቶ» አልኳት።

«የምን መስታወት?»

«የሳጥኑ ነዋ፣ እትዬ ዶርካስ። ባለ እጀታዋ። ከአዲሱ ሳጥን።»

አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ቬርሊን፣ እሷ እኮ አልመጣችም» አለችኝ።

«እንዴት አልመጣችም?»

«መሣሪያ የሚልክልን ሰው የቆየውን ሳትከፍሉ አልልክም ብሎ ሳጥኑን አጉድሎ ነው የሰደደው። ከጎደሉት አንዷ እሷ ናት። ሌሎቹን ከአሮጌው ሳጥን አውጥቼ ሞላሁ፤ የአሮጌው መስታወት ግን ተሰብራ ነበር። ጉድጓዷ ባዶ ነው የመጣው! ጠዋት አልቆጠራችሁም እንዴ?»

ቆጥረናል። ትሬንት «መስታወት» ብሏል፣ እኔም «አለ!» ብያለሁ። ቢጫ ቢሆን ኖሮ ባዶው ጉድጓድ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር። ጥቁር በጥቁር ውስጥ ምን ይታያል? ጥቁር እጀታ ይመስላል፤ እኔም ደግሞ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ሳይሆን እንግዶቹ ላይ ነበር።

ኤልቫ ሁሉንም ሰማች። ከኛ አምስት ስድስት እርምጃ ርቃ ነበር የቆመችው። ትሬንት ከወፊቱ ሆድ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «እንግዲያው ቀኑን ሙሉ የምፈልገው የሌለ ነገር ነው በሉኛ!» አለ። «ላም አለኝ በሰማይ!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ዶርካስ።

እንግዶቹ ከሃንጋሩ ወዲያኛው ጥግ ናቸው፤ አልሰሙም። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ከሊንድቫል ጭንቅላቶች ሁሉ ፈጣን ነው።

«ኤልቫ» አልኳት፣ «እኔ በፒክአፕዬ ውስጥ የራሴ መስታወት አለችኝ። ቁርጥ እሷን ናት። አሁን አምጥቼ ትሬንት ከመቀመጫው ሐዲድ ሥር 'አገኘሁ!' ብሎ ይጮኻል። ያቺ ሴትዮ ጓደኛዋን ያጣችው በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ስታያት ታለቅሳለች። ፔልኪም ይለሰልሳል። ወዲያው ውሉ የኛ ነው።»

«ወፊቱ ላይ አንዳች የሚጎዳ ነገር የለም» አለች ዶርካስ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «በውስጧ የወደቀ ነገር የለ። ማን ይጎዳል?»

«ማንም» አልኩ።

ኤልቫ፦ «መስታወትህን አምጣ» አለችኝ ብቻ።

ፒክአፑ ዘንድ የሄድኩበትን ፍጥነት በሰዓት የያዘ ሰው ቢኖር የካንሳስ ክብረ ወሰን ነበር። አምጥቼ ሰጠኋት። ኤልቫ መስታወቷን በሁለት ጣቷ ይዛ አገላብጣ አየቻት። ትሬንት ከወፊቱ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ለሱ ግን አልሰጠችውም። ይዛት ወደ እንግዶቹ ሄደች። እኔም ከኋላዋ።

ኮሎኔሏ ገና ስታያት ብድግ አለች። «አገኛችኋት!»

እንዲህ ያለ ደስታ በወታደር ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ፔልኪም ቢሆን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይቺ የቬርሊን ናት» አለች ኤልቫ። «ከመኪናው ነው ያመጣት። የኛዋ አልጠፋችም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረችም። ላኪው ዱቤያችንን ስላልከፈልነው አላካተታትም። ዛሬ ጠዋት ባዶውን ጉድጓድ 'አለ' ብለን ቆጠርነው። ስፖንጁ ሁሉ ጥቁር ስለሆነ ባዶውና ሙሉው አይለይም። ባለ ቢጫው ውድ ስለሆነብን ነው።»

ጣሪያው ላይ እርግቦቹ ብቻ ክንፋቸውን ያራግባሉ።

«ማነው 'አለ' ያለው?» አለ ፔልኪ።

«እኔ» አልኩ። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

ኮሎኔሏ ወደ ሳጥኑ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ እንደ ትሬንት በጣቷ ዳበሰችው። ብዙ ቆየች። ተመልሳ መጥታ ለኤልቫ እጇን ሰጠቻት፤ ለእኔም። ፔልኪ ቦርሳውን ዘጋ። መኪናቸው አቧራዋን አስነሥታ ስትሄድ፣ ትሬንት ከአጠገቤ ቆሞ፦

«ጋሼ ቬርሊን፣ ያ ትርፍ የተገኘው መፍቻ ግን የት ደረሰ?» አለኝ።

ያን ልጅ አንድ ቀን እመታዋለሁ እያልኩ ነው ያረጀሁት።

*

ወሬ አልሰማንም። ወፊቱን ገጣጠምናት፤ አንድ ማለዳ ማንም ሳያያት በረረች፤ እንደ ቅቤ ነበር አየሩን የቆረጠችው። ከዚያ ስንዴው ደረሰ። በአጨዳ ወቅት ሊንድቫል ውስጥ ማንም አለቃ ማንንም «የት ነበርክ» አይልም፤ መካኒኩ ትራክተር ላይ ነው፣ ጸሐፊዋ ጎተራ ዘንድ ናት። ኤልቫ አጫጁን መኪና ራሷ ነው የምትነዳው፤ እኔ ደግሞ የእህል ጭነቱን መኪና ይዤ ከጎኗ እከተላለሁ። ከእኔ ሌላ አንድ ፍሬ ሳያፈስ የሚከተላት ሹፌር የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ላይ የአጫጁ መኪና ጥርስ ድንጋይ ነክሶ ቆመና ወርደን እያስተካከልን ሳለ ስልኳ ጮኸ። እጇ ግሪስ በግሪስ ስለነበረ በክርኗ ከፍታ ጎማው ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፁ ለሁለታችንም ተሰማ።

«ኤልቫ? ኦዴት ሬይኖሶ ነኝ። ይኼን ስልክ መደወል የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ እኔ ልደውል አልኩ።»

ኤልቫ መፍቻውን አስቀመጠች። «እንግዲያው አልሰጣችሁንም።»

«አልሰጠናችሁም። ለሌላው ነው።»

«ሚስተር ፔልኪ እንደማያሳልፈን አውቄ ነበር።»

«ፔልኪ ስጧቸው ብሎ ነው የጻፈው» አለች ኮሎኔሏ። «እንደዚያ ጥግ ተይዞ እውነት የተናገረ ሰው ገንዘባችንን አይበላም፤ አንድ የሒሳብ ሰው አጠገባቸው አስቀምጠን እንስጣቸው አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እኔ የማልሰማ ለመምሰል ጎማውን በእግሬ ነካ ነካ አደርጋለሁ።

«ለምን?» አለች ኤልቫ። ቁጣ የለባትም፤ የእህል ዋጋ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

«መስታወት ማጣታችሁ አይደለም። ያ ድህነት ነው፤ ድህነት በገንዘብ ይድናል፣ ገንዘብ ደግሞ እኛ ጋ አለ። ስፖንጁ ነው። ሲቸግራችሁ የቆረጣችሁት ወጪ ጉድለታችሁን ለራሳችሁ የሚያሳያችሁን ነገር ነው። ቀጥሎ ምን እንደምትቆርጡ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ መብረር የማያውቁ ልጆች ናቸው።»

ነፋሱ ስንዴውን ሲያስተኛና ሲያነሣው ይሰማል።

«ትልቁ አይቆርጥም?» አለች ኤልቫ።

«ይቆርጥ ይሆናል። የሱን አላየሁም፤ የናንተን ግን አይቻለሁ።»

«ያየሽው እኮ ስላሳየሁሽ ነው፣ ኮሎኔል።»

«አዎ» አለች ኮሎኔሏ። «አውቃለሁ። እሱን ነው አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው። ስትበር አይቻት ቢሆን ኖሮ ብዬም አስቤያለሁ።»

«በረረች» አለች ኤልቫ። «ቆንጆ ነበረች።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ከእንግዲህ መቻል አልሆነልኝም።

«ያቺን መስታወት ለትሬንት ብትሰጪው ኖሮ» አልኩ፣ «ይኼን ጊዜ በዚህ መሬት ላይ ቆመን የምናወራው ሌላ ነገር ነበር! ማንም አይጎዳም ነበር! እስኪ ንገሪኝ፣ ማን ይጎዳ ነበር?»

ኤልቫ ወደ ምዕራብ ታያለች። ከአድማሱ ላይ ደመናው እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ጠቁሮ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ዝናቡ ግራጫ መጋረጃ ሆኖ ወርዷል። ያልታጨደው ስንዴ ከኛ እስከ መንገዱ ድረስ ነው። የባንኩ ሰው የሚመጣው አጨዳው ሲያበቃ ነው፤ እስከዚያው ስንዴው የሷ ነው።

«ቬርሊን» አለችኝ፣ መፍቻውን በሱሪዋ እየጠረገች፣ «መኪናህን አስነሣ። ይኼ ዝናብ አይጠብቀንም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ አንድ ጊዜ...»

«አስነሣ አልኩህ!»

አስነሣሁ። እሷም ወጥታ ሞተሯን ቀሰቀሰች፣ ጥርሱ ዞረ፣ ስንዴው እየወደቀ ገባ። ሁለታችን ጎን ለጎን ወደ ደመናው ነዳን። ከዚያ በፊት ያን ያህል መሬት በአንድ ከሰዓት ያጨደ ሰው በዚያ አውራጃ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። ዝናቡ ሲደርስብን የቀረው ከመንገዱ ዳር ያለችው ጥግ ብቻ ነበረች።